ካምቢዮው ሲመታ፣ ኮምፒውተሩን ቤት ውስጥ ልክፈተው?
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከኦቶማቲክ ካምቢዮና ካምቢዮውን ከሚያዘው ኮምፒውተር ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች ተደራርበው ስለደረሱን የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ለቀነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ2002 ሞዴል ራቭ ፎር አለኝ፤ ሞተሩ 2.0፣ ካምቢዮው ኦቶማቲክ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ከኋላ የተገጨሁ ያህል ይመታኛል፤ የኋላ ማርሽ ሳስገባም እንደዚሁ። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል፤ ሲነበብ ፒ0750 እና ፒ0755 የሚሉ ኮዶች ወጡ። አንዱ ጋራዥ ካምቢዮው ይቀየር አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው አለኝ። የብየዳ ካውያ ይዤ አላውቅም፤ እጄ ግን አይፈራም። ቤቴ ውስጥ ልሠራው እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከገርጂ

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሁለት ነገር ከተሟላ ነው። አንደኛ ብልሽቱ በእርግጥ ኮምፒውተሩ ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሞተው ቺፕ ሳይሆን የተሰነጠቀ ብየዳ መሆን አለበት። ይህን የማጣራቱ ሥራ ከካውያው ሥራ ይረዝማል፤ ቢሰለችም አይዝለሉት።

በእርስዎ መኪና ለካምቢዮው ብቻ የተመደበ ኮምፒውተር የለም። ሞተሩንም ካምቢዮውንም የሚያዘው አንድ ሳጥን፣ ኢሲኤም የሚባለው ነው። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት ራቭ ፎሮች ላይ ይህ ሳጥን ለካምቢዮ ሶሌኖይዶች (የካምቢዮውን ዘይት በኤሌክትሪክ ለሚቆጣጠሩት ትንንሽ ቫልቮች) ኤሌክትሪክ መላኩን እያቆመ ካምቢዮው እንዲመታ ማድረጉ የታወቀ ችግር ነው፤ ቶዮታ በአሜሪካ ለእነዚህ መኪኖች በኢሲኤሙና በካምቢዮው ላይ ዋስትናውን እስከማራዘም ደርሷል። ስለዚህ ሁለተኛው ጋራዥ የተናገረው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። ሳይለካ ከተናገረ ግን እሱም ገምቶ ነው።

መምታቱ ከየት እንደሚመጣ ይረዱት። የካምቢዮውን የዘይት ግፊት የሚመጥነው ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ግፊቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ወደ ላይኛው ጣሪያ ይወጣል። ፍሪሲዮኖቹ ተንሸራትተው ከሚቃጠሉ ተመትተው ቢይዙ ይሻላል ተብሎ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ኮምፒውተሩ በወረዳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሚዞርበት መስመር ላይ፣ ስሕተት ሲያይ መከላከያ ውስጥ ይገባል፤ እርስዎ ጀርባዎ ላይ የሚሰማዎት ይኸው መከላከያ ነው። ለወራት እንዲህ ከተነዳ ግን ምቱ ራሱ ካምቢዮውን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ አያሳድሩት።

ኮዶቹ የሚነግሩዎት ወረዳውን ነው። ፒ0750 ማለት የ«ኤ» ሶሌኖይድ፣ ፒ0755 ማለት የ«ቢ» ሶሌኖይድ ነው። ኮዱ ፒ0753 ወይም ፒ0758 ቢሆን ኖሮ በተለይ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ማለቱ ነበር። ወረዳ ሲባል ሳጥኑ፣ ሶኬቱ፣ ሽቦውና ሶሌኖይዱ ሁሉም አሉበት። ከአራቱ ሦስቱን ነፃ ሳያወጡ ሳጥኑን አይክፈቱ።

ከባትሪው ይጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለብዎት። ቀጥሎ የምድር መስመሩን ይለኩ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና የማሞቂያው ፋን በርተው፣ የመልቲሜትሩን (የቮልትና የኦም መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ የተላላ ወይም የዛገ የምድር ኬብል አለ፤ ይህ ብቻውን ኮምፒውተሩን ያሳብደዋል። የካምቢዮ ዘይቱን ሙቀት ይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ሁሉም ላይ አንዴ አሳልፈው ፒ ላይ መልሰው ይለኩ። ለዚህ መኪና የሚሆነው ዘይት ቲ-4 የሚባለው የቶዮታ ዘይት ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ፍሪሲዮኑ ተጎድቷል፤ ኮምፒውተሩን መጠገን ያንን አያድነውም።

አሁን ወደ ሶሌኖይዶቹ። ባትሪው ተነቅሎ፣ ካምቢዮው ቀዝቅዞ፣ የካምቢዮውን ሶኬት ይንቀሉና የእያንዳንዱን ሶሌኖይድ ኦም ይለኩ። በዚህ ዘመን በተሠሩ የቶዮታ ካምቢዮዎች በ20 ዲግሪ ሙቀት ከፍቶ የሚዘጋው ዓይነት ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊት የሚመጥነው ዓይነት ደግሞ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም አካባቢ ይሰጣል። ከፍተው የሚዘጉት አንድ ሽቦ ብቻ ስላላቸው የሚለኩት ከካምቢዮው አካል ጋር ነው። ሁለት ነገር ጀማሪን ያሳስታል። ርካሽ መልቲሜትር በራሱ ገመድ እስከ ግማሽ ኦም ይጨምራል፤ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክተው የሚያሳየውን ቁጥር ከንባብዎ ይቀንሱ። ሌላው ሙቀት ነው። የመዳብ ጥቅል በየአንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 13 ኦም የነበረው በ80 ዲግሪ 16 ይሆናል። በዚህ ተደናግጠው ደኅናውን ሶሌኖይድ የሚጥሉ ሞልተዋል።

ያንኑ ልኬት ከኮምፒውተሩ ሶኬት በኩል ይድገሙት። ካምቢዮው ጋ 13፣ ኮምፒውተሩ ጋ ደግሞ መስመር የለም ካለ ሽቦው መሐል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ላይ ሽቦው ተቆርጦ የተቀጠለ ሊሆን ስለሚችል ቅጥሎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የመልቲሜትሩን ወፍራም ጫፍ ሶኬቱ አፍ ውስጥ አይክተቱት፤ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ሶኬቱ ብልሽት ይሆናል። ከሽቦው ጀርባ በኩል ቀጭን መርፌ ያስገቡና በመርፌው ላይ ይለኩ።

ሁለቱም ጋ ንባቡ ደኅና ከሆነ ጥርጣሬው ሳጥኑ ላይ ያርፋል። ማረጋገጫ ከፈለጉ ሞተሩ እየሠራ ሳጥኑን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብለው ያንኳኩት፤ ካምቢዮው ባሕርዩን ከቀየረ ወይም ኮዱ ጠፍቶ ከመጣ ስንጥቅ አለ። ጠዋት ደኅና ሆኖ ቀን ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ የሚመታ መኪናም ወደዚያው ያመለክታል። ቦርዱ (ሳጥኑ ውስጥ ቺፖቹ የተበየዱበት ሰሌዳ) በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብየዳው ይሳባል፤ ብዙ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው እግሮች ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት ሠርቶ ይሰነጠቃል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ሙቀቱ የሚስተካከል 60 ዋት ካውያ፣ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ያለው፣ ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ሆኖ ስፋቱ 2 ሚሊሜትር አካባቢ። 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሊድ (ቀልጦ የሚበይደው ሽቦ)፣ 60 በ40 ወይም 63 በ37 የተባለው፣ ውስጡ ሮዚን የሚባል ሙጫ ያለበት። ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ የኤሌክትሮኒክስ ፍለክስ፣ አሮጌ ሊድ የሚመጠጥበት የመዳብ ጥልፍ፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ሁሉንም ለሞባይል ጠጋኞች ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አያጡትም። ራዲያተር የሚበይዱ ሰዎች የሚጠቀሙበትን አሲድ ግን ወደ ቦርዱ አያቅርቡት፤ ዛሬ ብየዳውን ያሳምርልዎታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የመዳቡን መስመር ይበላዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮልም ሲሶው ማለት ይቻላል ውኃ ነው። አረቄ ደግሞ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ካውያ ይዘው ስለማያውቁ መኪናውን ከመንካትዎ በፊት የተበላሸ ሬዲዮ ወይም ዲኮደር ፈልገው ቢያንስ 50 እግር ነቅለው መልሰው ይበይዱ። ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፣ እግሩን ተከትሎ እንደ ተራራ ግርጌ ወደ ቦርዱ ይዘረጋል። እንደ አተር ተድቦልቡሎ የተቀመጠ ከሆነ አልያዘም። 50ኛው ከ1ኛው የተሻለ ካልሆነ ቦርዱን ይዘው ወደ ባለሙያ ይሂዱ። ይህ ምክር ገንዘብ ያድንልዎታል።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ሳጥኑ ያለው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ መያዣ ጀርባ፣ ኤርባጉ አጠገብ ስለሆነ ነው። ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ አይንኩት። የዕቃ መያዣውን ያውጡ፣ ሶኬቶቹን ፎቶ ያንሡ፣ መቆለፊያቸውን ተጭነው ሶኬቱን ራሱን ይሳቡ፤ ሽቦውን አይጎትቱ። ሳጥኑን የያዙትን ዳዶዎች በ10 ቁልፍ ይፍቱ። በጥርና በየካቲት አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ሹራብ ሲያወልቁ የሚንጣጣው ኤሌክትሪክ ቺፕ ይገድላል። ምንጣፍ ላይ አይሥሩ፣ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፣ ቦርዱን ከመያዝዎ በፊት መሬት የነካ ብረት ይንኩ፣ ቦርዱንም ከጠርዙ ብቻ ይያዙ።

ሳጥኑ ሲከፈት ቦርዱ ላይ ግልጽ ሽፋን ሊኖር ይችላል፤ የሚሠሩበትን ቦታ ብቻ በአልኮልና በብሩሽ ያንሡት። የእጅ ባትሪ በጎን አብርተው በሌንስ ይመልከቱ። ዓይንዎን ከሶኬቱ እግሮችና ትልልቆቹ የኃይል ቺፖች ላይ ያድርጉ። ስንጥቁ ሁልጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ የተጠረጠረውን ቡድን በሙሉ ይሥሩት። ፍለክስ ይቀቡ፣ አሮጌውን ሊድ በመዳቡ ጥልፍ ይምጠጡ፣ አዲሱን ይስጡት። ካውያው 350 ዲግሪ ይሁን፤ አንድ እግር ላይ ከ3 ሰከንድ በላይ አይቆዩ። የማይቀልጥ ካለ ከሰፊ መዳብ ጋር የተያያዘ ነውና ሙቀቱን እየሰረቀው ነው። ጭኖ ከመጠበቅ ይልቅ አካባቢውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ይመለሱ። በጉልበት ሲጫኑ መዳቡ ከቦርዱ ይላጣል፤ ጀማሪ ከሚሠራው ጥፋት ሁሉ ይህ የከፋው ነው።

ሲጨርሱ በአልኮል አጥበው በደንብ ያድርቁ። ጎን ለጎን ያሉ እግሮች በሊድ ተነካክተው እንደሆነ በሌንስ ይዩ፤ የሚያጠራጥርዎት ካለ በመልቲሜትር ይፈትሹ፤ በንድፍ የተገናኙ እግሮችም ስላሉ «ጢጥ» ባለ ቁጥር አይደንግጡ፣ ከዓይንዎ ጋር ያመሳክሩት። ያነሡትን ሽፋን በአክሪሊክ ስፕሬይ ይተኩ። ክዳኑን ማሸግ ካለብዎት ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ መዳብ ያዝጋል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሊድ እርሳስ አለበት፣ ልጆች ባሉበት ጠረጴዛም አይሠራም።

መጀመሪያ ሶኬቶቹን፣ በመጨረሻ ባትሪውን ይግጠሙ። ቁልፉን ከፍተው ሳያስነሡ ይመልከቱ፦ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ሳጥኑ ኤሌክትሪክ አላገኘም ወይም አልነቃም፤ አያስነሡት። ከበራ አስነሥተው ኮዱን ያጥፉና ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር፣ ካምቢዮው በደንብ እስኪሞቅ ይንዱ። ኮምፒውተሩ ያስታወሰውን ስለረሳ መጀመሪያ ላይ ሚኒሞው ትንሽ ሊዋዥቅ ይችላል። ኮዱ ወዲያው ከተመለሰ ሶሌኖይዱን የሚነዳው ቺፕ ሞቷል ማለት ነው፤ የጀማሪ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጥያቄ፦ ለዚሁ ዓይነት መኪና ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ቀየርኩ። ሶኬቱ በትክክል ገባ፤ ሞተሩ ግን ይዞራል፣ አይነሣም። የተሸጠልኝ የተበላሸ ነው?
አንባቢ፣ ከአየር ጤና

መልስ፦ የግድ አይደለም። ሻጩ ጋ ከመመለስዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩ።

ሳጥኑ ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር አለ። ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስት አኃዞች ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ሶኬት መግባቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ለማንዋል ካምቢዮ የተሠራም፣ ለሌላ ሞተር የተሠራም ሳጥን ሶኬቱ ሊገባ ይችላል።

ቁጥሩ አንድ ከሆነ የቀረው የቁልፉ ጉዳይ ነው። መኪናዎ ኢሞቢላይዘር (በማያውቀው ቁልፍ እንዳይነሣ የሚያግድ መሣሪያ) ካለው ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የቀድሞውን መኪና ቁልፍ ነው፤ የእርስዎን ቁልፍ እንደ ሌባ ይቆጥረዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቁልፍ ወይም የደኅንነት መብራት ቁልፉን ከከፈቱ በኋላም ብልጭ ድርግም ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች የቁልፉ መረጃ የተቀመጠው ቦርዱ ላይ ባለች ባለ 8 እግር ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ ነው። የቦርድ ባለሙያ ከአሮጌው አንብቦ ወደ አዲሱ ይገለብጠዋል፤ ሥራው ማንበቢያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ እግሮቿም ቀጫጭን ስለሆኑ በመጀመሪያ ካውያዎ አይሞክሩት። አሮጌውን ኮምፒውተር ስለዚህ አይሽጡት፣ አይጣሉትም። ያ ሜሞሪ ከሌለ ቁልፉን እንደ አዲስ ማስተማር ይጠበቅብዎታል፤ ወጪውም ይጨምራል።

ኢሞቢላይዘሩ የራሱ ሳጥን ባለው መኪና ላይ ኮድ ከሚነበብበት የኦቢዲ ሶኬት 4 እና 13 ቁጥርን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ለ30 ደቂቃ ከፍቶ በመተው ሁለቱን ሳጥኖች ማስተዋወቅ ይቻላል። ሽቦውን ሲያስገቡ ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ፦ 16 ቁጥር ላይ ሁልጊዜ የባትሪ ኤሌክትሪክ አለ፤ እሱን ከ4 ጋር ያገናኘ ሰው ፊውዝ አቃጥሎ ይመለሳል፣ ዕድል ከሌለውም ሽቦ።

ጥያቄ፦ ቦርዱን ኬክ መጋገሪያ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ቢከቱት ብየዳው ራሱ ይገጥማል የሚል ቪዲዮ አየሁ። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እርሳስ የሌለበት ሊድ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ለ105 ዲግሪ ነው፤ የሶኬቱ ፕላስቲክም ይጣመማል። ምድጃው ሊዱን ለማቅለጥ ካነሰ ምንም አልሠራም፣ ከበቃ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይጨርሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ምድጃ ዳቦ ይጋገራል። ይተዉት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የ2006 ኮሮላዬ አንዳንዴ ማርሽ ሲቀይር ይደነቅፋል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ጋራዥ ስላለው «ኮምፒውተሩን ፈተህ በይደው» አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድምዎ በሽታውን ያወቁት ይመስላል፤ ሆኖም ካቻቪቴ ከማንሣትዎ በፊት ስልክዎን ያንሡ። ቶዮታ በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን፣ በአሜሪካና በካናዳ 1.13 ሚሊዮን ያህል፣ ልክ በዚሁ ምክንያት ለነፃ ጥገና ጠርቷል፦ በኢሲኤሙ ቦርድ ላይ ብየዳው ወይም ወረዳውን ከከፍተኛ ቮልቴጅ የሚጠብቀው ቫሪስተር ሊሰነጠቅ ይችላል። በማስታወቂያው የተዘረዘሩት ምልክቶች የእርስዎ ናቸው፤ መብራት መብራቱ፣ ማርሽ መምታቱ፣ አለመነሣቱ፣ እየተነዳ መጥፋቱ።

ከፊት መስተዋቱ ሥር ወይም ከምዝገባ ወረቀቱ ላይ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናውን መለያ ይውሰዱና በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ NHTSA በሚባለው፣ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት። ያልተሠራ ጥሪ ካለ ይነግርዎታል። ሕጉ የሚያየው መኪናው ጥሪው በወጣበት ጊዜ የነበረውን ዕድሜ ነው፤ በ2010 የእርስዎ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር፣ ያልተሠራ ጥሪ ካለ አምራቹ በነፃ መሥራት አለበት። ስለዚህ ወደ ወኪሉ ይደውሉ፤ መጠየቁ ምንም አያስከፍልም። ሳጥኑን ከፍተው ካውያ ካስነኩት በኋላ ግን ለመከራከር አፍ አይኖርዎትም።

ጥሪው ቀደም ሲል ተሠርቶ ከሆነ ሳጥኑ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከባትሪውና ከምድር መስመሩ ጀምረው ከላይ ለገርጂው አንባቢ ባልነው ቅደም ተከተል ይሂዱ። እስከዚያው ድረስ ይህንን መኪና አውራ ጎዳና ላይ አያውጡት። ሞተሩ ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳሉ።

ጥያቄ፦ የ2001 መርሴዲስ ሲ 180 አለኝ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቀርቶ አይቀይርም። አጥፍቼ ሳስነሣው አንዳንዴ ይስተካከላል። የካምቢዮው ኮምፒውተር ሶኬት ሲነቀል ቀይ ዘይት አገኘንበት። ኮምፒውተሩ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም፤ ዘይት እንዴት ደረሰበት?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ በሽቦው ውስጥ ተጉዞ። ባለ አምስት ማርሹ 722.6 ካምቢዮ በቀኝ ጎኑ ባለ 13 እግር ክብ ሶኬት አለው። ሶኬቱ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ በሁለት የጎማ ቀለበት ታሽጓል። ቀለበቶቹ ሲደርቁ ዘይት ሶኬቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ክር የኩራዝ ነዳጅ እንደሚስብ ሁሉ በሽቦዎቹ ክሮች መሐል ሽቅብ እየተሳበ ኮምፒውተሩ ጋ ይደርሳል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ መቅረቱ የዚህ ካምቢዮ የአደጋ ጊዜ አካሄድ ነው። ፒ ላይ አድርገው፣ ሞተሩን አጥፍተው 10 ሰከንድ ያህል ጠብቀው ሲያስነሡት ስሕተቱ ለጊዜው ከሌለ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ያዩት እሱን ነው።

መልካሙ ዜና፣ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። መያዣውን ይቀይሩ፤ ሲገዙ በመኪናው መለያ ቁጥር ያስመሳክሩ፤ ዋጋው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥተው ከሥሩ አይግቡ፣ መደገፊያ ያድርጉ፤ ጭስ ማውጫው ይቀዝቅዝ። የሶኬቱን ቀለበት ወደ ግራ አዙረው ይሳቡት፣ መያዣውን የያዘውን ቡሎን በ7 ቁልፍ ይፍቱ፣ ቀጥ አድርገው ያውጡት። ትንሽ ዘይት ስለሚፈስ ዕቃ ያስቀምጡ። የአዲሱን ቀለበቶች የካምቢዮ ዘይት ቀብተው ያስገቡ። ቡሎኑ ትንሽ ነው፤ ከመጠን በላይ ያጠበቀ ይበጥሰዋል።

ሁለቱንም ሶኬቶች፣ የካምቢዮውንም የኮምፒውተሩንም፣ ደርቆ ምንም በማይተው የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ ይጠቡ። ዘይቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ቦርዱን በዚያው ያጥቡት፤ ካውያ አያስፈልግም። በሽቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ለሳምንታት ማዠቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በ2 ሳምንትና በወሩ ሶኬቱን ነቅለው እንደገና ይጥረጉ። ይህን የማያውቅ ሰው ነው «ቀየርኩት፣ አሁንም ያፈሳል» ብሎ ሁለተኛ መያዣ የሚገዛው። የዘይቱን መጠን ግን ጋራዥ ያስለኩ፤ ይህ ካምቢዮ የራሱ መለኪያ ዘንግ የለውም፣ የሚለካውም ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

ጥያቄ፦ በክረምቱ መኪናዬ ውስጥ ውኃ ገብቶ ከተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጠበ። ኮምፒውተሩ ሲወጣ ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። ሩዝ ውስጥ ልክተተው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሩዙን ለወጥ ያቆዩት። አረንጓዴው የመዳብ ዝገት ነው፤ በማድረቅ አይነሣም። ባትሪው እንደተነቀለ ይቆይ፤ እርጥብ ቦርድን የሚጨርሰው ከውኃው ይልቅ ውኃው ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። ቦርዱን በ99 በመቶ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አረንጓዴው እስኪጠፋ ይፈትጉ፤ የሶኬቱን እግሮች ሥር አይርሱ። ለአንድ ቀን ሙሉ ሞቅ ያለ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ከዚያ በሌንስ ሲያዩ የተበላ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ሊቀጠል ይችላል።

ውኃው ከየት እንደገባ ሳያገኙ መልሰው አይግጠሙት። ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለው የዝናብ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ እንደሆነ ይዩ፤ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሰው ከመኪናው በታች መውጣቱን ይመልከቱ። ምንጣፉ ዝናብ በሌለበት ቀንም የሚረጥብ ከሆነ የኤሲው ውኃ መውጫ ቱቦ ተደፍኗል፤ ቱቦውን ከሥር በኩል አግኝተው በቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ይክፈቱት። ምንጣፉን ደግሞ አንሥተው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ይጭመቁ፤ ላዩ ደርቆ ስፖንጁ ወር ሙሉ ውኃ ይዞ ይቆያል።